ልጄን ወደ ብርድ ያወጣንበት ቀን

አትላንታ ውስጥ በረዶ የሚጥለው አልፎ አልፎ ነው። የጣለ ዕለት ግን ከተማው እጁን ይሰጣል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሀይዌዩ ላይ መኪና በቆመበት ይቀራል፣ ሰው መሥሪያ ቤቱ ያድራል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ እንደዚያ ባለ ቀን፣ እኔና አንዲት ሕንዳዊት ጎረቤቴ ከታመመች ሕፃን ጋር ቤት ተዘግቶብን ዋልን። ያን ዕለት የሆነውን ለልጆቼም ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼም ስንት ጊዜ እንዳወራሁ አላውቅም። ባወራሁት ቁጥር አንገቴ ቀና ይላል። ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ልጻፈው።

ሰብለ እባላለሁ። ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ። ከባለቤቴ ከጌታሁን ጋር በሱዳን በኩል መጥተን ደንዉዲ በሚባል የአትላንታ ዳርቻ ባለ አንድ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ጌታሁን መሀል ከተማ ሆቴል ይሠራል፤ እኔ ልጃችንን ትርሲትን ይዤ ቤት እውላለሁ። ትርሲት ሁለት ዓመት አልፏት ወደ ሦስት እየተጠጋች ነበር፤ ወሬኛ፣ አንድ ቦታ የማትቀመጥ፣ ያየችውን ሁሉ ስሙን ካልጠራች የማያስችላት ልጅ።

እኔ ደግሞ ተቃራኒዋ ነበርኩ። እንግሊዝኛ አልችልም ማለቴ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ሳነበውም ይገባኛል። የሚያስቸግረኝ አፌ ነበር። ፈረንጅ ፊት ስቆም የማውቀው ቃል ሁሉ ይጠፋብኛል። ስልክ ሲጮህ አላነሳም። ክሊኒክ ስንሄድ ጌታሁን ያወራል፣ እኔ ልጄን አቅፌ ራሴን እነቀንቃለሁ። «አንተ ንገራቸው» ማለት የሁልጊዜ ቃሌ ነበር። ጌታሁንም «አንድ ቀን እኔ በሌለሁበት የሚያስፈልግሽ ጊዜ ይመጣል» ይለኝ ነበር።

ከእኛ በር ፊት ለፊት ያለው በር የካምላቤን ነበር። ካምላቤን ጉጃራት ከሚባለው የሕንድ ክፍል፣ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ የመጡ ባልቴት ናቸው። በእነሱ ቋንቋ «ቤን» እህት ማለት ነው፤ ለእኔ ግን ዕድሜያቸው እናቴ ስለሚሆን ሁልጊዜ አንቱ እያልኩ ነው የማስባቸው። ልጃቸውና ምራታቸው ተማሪ ልጃቸውን ይዘው ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ። ካምላቤን ቀኑን ሙሉ ከመስኮታቸው ሥር ከደረደሯቸው የአበባ ማሰሮዎች ጋር ብቻቸውን ይውላሉ። እንግሊዝኛቸው ከእኔ ያነሰ ነበር፤ ግን አያፍሩበትም። ሦስት ቃል ካላቸው ሦስቱንም ጮክ ብለው ይጠቀሙበታል፤ የቀረውን በእጃቸው ይጨርሱታል። እዚህ በአማርኛ የማሰፍረው ንግግራችን ሁሉ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የተባለ ነው።

የተዋወቅነው በትርሲት ሳል ነው። የመከር ወራት ገብቶ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ልጄን ጉንፋን ያዛት። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ካምላቤን በእጃቸው የታሰረች ትንሽ ጨርቅ ይዘው ቆመዋል።

«የልጅቷ ሳል በግድግዳው አልፎ ይሰማኛል» አሉኝ። «ይህን ደረቷ ላይ እናድርግላት።»

ጨርቋ ትሞቃለች። አፍንጫዬን ጠጋ ሳደርግ ሽታውን ወዲያው አወቅሁት፤ የተቆላ ነጭ አዝሙድ ነው።

«አዝሙድ!» አልኩ ሳላስበው በአማርኛ።

«አጅሞ!» አሉ እሳቸው በራሳቸው ቋንቋ።

ተያይተን ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለታችን በር አልተዘጋም ማለት ይቻላል። እርዱን፣ ዝንጅብሉን፣ ጥምዙን አንድ በአንድ እያወጣን ስም ተለዋወጥን። ማሰሮዎቹ ውስጥ ያበቀሉት ቱልሲ የሚሉት ቅጠል ደግሞ ሲሹት የእኛን በሶብላ የቅርብ ዘመድ ይመስላል።

አባታቸው በገጠር ከተማቸው የታወቁ የአዩርቬዳ ሐኪም ነበሩ። አዩርቬዳ የሕንዶች የጥንት ሕክምና ነው። ካምላቤን ሴት በመሆናቸው በይፋ አልሠለጠኑም እንጂ ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጎን ተለይተው አያውቁም። የልጅ ጉንፋን በእነሱ ትምህርት ቀዝቃዛ፣ ከባድና እርጥብ ነገር ደረት ውስጥ ሲጠራቀም የሚመጣ ነው። ስለዚህ ምግቡም መጠጡም ሞቅ፣ ቀለል ይላል። ትርሲት ሳል ሲይዛት ከፍሪጅ የወጣ ወተት፣ ሙዝና አይስክሬም ይከለከሉና በዝንጅብል የፈላ ቀጭን የማሾ ሾርባ ይቀርብላታል። ለብ ባለ ወተት ቁንጥር እርድ። የዝንጅብል ጭማቂ ጠብታ ከማር ጋር። የሰሊጥ ዘይት ሞቅ አድርገው ጀርባዋንና ደረቷን ያሹላታል፤ የአዝሙዷን ጨርቅ በመጀመሪያ በራሳቸው ጉንጭ ላይ ለክተው ነው ልጅቷን የሚያስነኳት።

ማሩን ከመስጠታቸው በፊት ግን፣ ትልቅ መሆኗን እያዩ እንኳ፣ «ዓመት ሞልቷታል?» ብለው ጠይቀውኛል። የልጃቸው ሚስት እዚህ አገር ስትወልድ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አደገኛ እንደሆነ ሐኪሙ ነግሯት ለእሳቸው አስረድታቸው ነበር። «አባቴ ይህን አያውቅም ነበር» አሉኝ። «ቢነግሩት ግን ይሰማ ነበር።»

አንድ ልማድ ነበራቸው። ማንኛውንም ነገር ከማድረጋቸው በፊት የልጅቷን ልብስ ከላይ ያወልቁና ዝም ብለው ያይዋታል። አይነኳትም፤ አይናገሩም። ሆዷ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ደረቷ ሲሞላ ያያሉ። እኔ «ኧረ ብርድ ይመታታል!» እያልኩ ጋቢ ይዤ እንቆራጠጣለሁ። እሳቸው እጃቸውን ከፍ አድርገው ያስቆሙኛል። «አባቴ መድኃኒት የሚፈልገው በኋላ ነው። መጀመሪያ ትንፋሹን ያያል።»

ጉንፋኑን አዳኑት ብዬ አልዋሻችሁም። ጉንፋን የሚሄደው በራሱ ጊዜ ነው፤ ይህን እሳቸውም ይሉ ነበር። ግን ልጄ ሾርባዋን ጠጥታ፣ ዘይቷን ተቀብታ የሰላም እንቅልፍ ትተኛለች። እኔም እንደዚያው። በማላውቀው አገር ልጄ ስታስል ከጎኔ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው አገኘሁ።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ጥር ውስጥ ነው። ትርሲት ከሁለት ቀን በፊት ቀለል ያለ ጉንፋን ጀምሯት ነበር፤ ካምላቤን እንደ ወትሯቸው ሾርባቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ጌታሁን ከዋዜማው ሺፍት ገብቶ በዚያው ቀርቷል፤ በረዶው ዝናብ ሆኖ ጀምሮ መሬት ላይ ረግቷል። ጠዋት መስኮት ስከፍት ፓርኪንጉ መስታወት የተነጠፈበት ይመስላል። የካምላቤን ልጅና ምራትም ከነልጃቸው ሊልበርን ወደምትባል የአትላንታ ዳር ከተማ አንድ ዘመድ ጋ ሄደው እዚያው ተዘግቶባቸዋል። በግቢው ውስጥ የሚንቀሳቀስ አንድ መኪና የለም።

ትርሲት ስትነሳ ድምፅዋ ጎርንኗል። ሳቅሁባት፤ «ሽማግሌ ሆንሽ እንዴ?» አልኳት። እሷም ሳቀች። ምሳ በልታ ትንሽ አሸለበች።

የቀሰቀሳት ሳሉ ነው። እንደዚያ ያለ ሳል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ጉንፋን የያዘው ልጅ የሚስለው ሳል አይደለም፤ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚጮህ። ሮጬ ገባሁ። ልጄ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን አፍጥጣለች። በሳሉ መሀል አየር ስትስብ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ይወጣል። ልታለቅስ ትሞክራለች፤ ልቅሶው አይወጣም።

አፈፍ አድርጌ ተሸክሜ የካምላቤንን በር በእግሬ ደበደብኩ። ዝንጅብል እየፈጩ ነበር፤ ሽታው እስከ ደጅ ይመጣል።

«ዝንጅብሉን ይስጧት! ቶሎ!» አልኩ።

ካምላቤን እጃቸውን በለበሱት ሳሪ ጫፍ ጠርገው ልጅቷን ተቀበሉኝ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ቀጥ አድርገው አስቀመጧትና ልብሷን ገልጠው አዩ። እንደ ወትሮው ረጅም አልነበረም። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«እዪ» አሉኝ። ጣታቸውን የራሳቸው ጉሮሮ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ላይ አደረጉ። የትርሲት ጎድጓዳ አየር በሳበች ቁጥር ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች። የጎድን አጥንቶቿ መሀል ያለው ቆዳም እንዲሁ።

«ዝንጅብሉስ?»

«አይሆንም።»

«ማሩስ? ትንሽ ለብ ያለ ነገር...»

«ምንም!» አሉ በቁጣ። ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «አፏ ውስጥ ምንም አይገባም። በዚህ ትንፋሽ ከዋጠች ትታነቃለች። ይህ የእኔ ሕመም አይደለም ልጄ። አባቴ እንደዚህ ያለ ልጅ ሲመጣለት የመድኃኒት ሳጥኑን ዘግቶ ከእናትየው ጋር በበሬ ጋሪ እስከ ትልቁ ሐኪም ቤት ይሄድ ነበር። ደውዪ።»

«በምን እንሄዳለን? መኪና የለም። መንገዱ—»

«ደውዪ!»

«እርስዎ ይደውሉ። እኔ አልችልም።»

ካምላቤን ዓይኔን አዩኝ። «እኔ ልጅቷን አያለሁ። አንቺ ትናገሪያለሽ» አሉ።

ስልኩ ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ገመዱ ረጅምና ጥምዝምዝ ያለ። ናይን ዋን ዋን፣ የድንገተኛ አደጋውን ቁጥር፣ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። እንደፈራሁት ሁሉም ቃል ጠፋ። ከኋላዬ ትርሲት ሲጢጥ አለች። ያ ድምፅ ምላሴን ፈታው።

«ልጄ። ትንፋሽ። ጥሩ አይደለም» አልኩ።

አድራሻዬን ጠየቀችኝ። እሱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የአፓርትመንቱን ስም ፊደል በፊደል ነገርኳት። ሰው እንደምትልክ፣ ግን በመንገዱ ምክንያት እንደሚዘገይ ነገረችኝ። «ስልኩን እንዳትዘጊ። ከሕፃናት ሐኪም ቤት ነርስ ጋር አገናኝሻለሁ» አለች።

ነርሷ ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው፤ የደቡቦቹ አነጋገር፣ የሚጎተት። «የኔ ማር፣ ሳሉ ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ።

ምን ልበል? እርጥብ ነው? ደረቅ ነው? የሚያውቁት ቃል ይኖራል፤ እኔ የለኝም።

«ውሻ» አልኩ።

«ውሻ ነከሳት?»

«አይደለም! አይደለም! ሳሉ ውሻ ነው!»

«ገና አልገባኝም የኔ ማር። ውሻ ቤት ውስጥ አለ?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፣ ፈረንጅ ፊት አፏን የማትከፍተው ሰብለ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የጮህኩት። እንደ ውሻ ጮህኩ። አንዴ አይደለም። ሳሉ እንደሚወጣው አድርጌ፣ ከዚያ አየሩን ስትስብ የሚያሰማውን ሲጢጥታ ጨምሬ፣ ደገምኩት። ካምላቤን ደንግጠው ዞረው አዩኝ። ትርሲት ራሷ በዚያ ጭንቀቷ ውስጥ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ራሷ ሳለች፤ ስልኩን ገመዱ እስከሚደርስ ጎትቼ አፏ ሥር ያዝኩት።

«ሰማሁ» አለች ነርሷ። ድምፅዋ ተለወጠ። «በጣም ጎበዝ ነሽ። በደንብ ነው የነገርሽኝ። አሁን ጥያቄዬን መልሺ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል?»

«አይደለም።»

«ለሃጯ ይዝረከረካል?»

«አይደለም።»

«እንዳታስተኟት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አቅፏት። እንዳታስለቅሷት። በረንዳ አላችሁ?»

«አለ።»

«በደንብ ጠቅልሏትና ወደ ውጪ አውጧት። ቀዝቃዛውን አየር ትተንፍስ።»

የሰማሁት ነገር የቋንቋዬ ችግር መሰለኝ። «ወደ ብርድ?» አልኩ።

«አዎ። ወደ ብርድ።»

ለካምላቤን ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ የታየው ድንጋጤ የእኔው ነበር። እስቲ አስቡት፤ ሁለት ሴቶች ነን፣ አንዷ ከጎጃም አንዷ ከጉጃራት። አስተዳደጋችን በምንም አይገናኝም፤ በአንድ ነገር ግን ሁለታችንም አንጠራጠርም። ሳል የያዘውን ልጅ ብርድ ሊነካው አይገባም። እኔ ከፍሪጅ የወጣ ውኃ እንኳን አላቀምሳትም ነበር። ካምላቤን የበሩን ሥር በፎጣ የሚደፍኑ ሰው ናቸው። ውጪው ደግሞ በረዶ ነው።

«ተሳስታ ይሆናል» አልኩ።

ካምላቤን ጭናቸው ላይ ያለችውን ልጅ አዩ። ጎድጓዳዋ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ትወጣለች።

«ያቺ ሴት ሳሏን በጆሮዋ ሰምታለች?» አሉኝ።

«ሰምታለች።»

«ከዚህ በፊት እንደዚህ ያለ ብዙ ሰምታለች?»

ነርሷን ጠየቅኋት። «በየክረምቱ» አለችኝ። ለካምላቤን ነገርኳቸው።

«እኔ አልሰማሁም» አሉ ካምላቤን። «እንግዲያው ትውጣ።»

የለበሱትን የሱፍ ሻል አውልቀው ትርሲትን ጠቀለሏት፤ ፊቷን ብቻ ተዉት። የበረንዳውን በር በራሳቸው እጅ ከፈቱ። ብርዱ እንደ ጥፊ ገባ። ወንበር አውጥቼላቸው ተቀመጡ፤ ራሳቸው ስስ ሳሪ ብቻ ለብሰዋል። እኔ ጋቢዬን ከትከሻዬ አውርጄ ትከሻቸው ላይ ጣልኩ። የስልኩ ገመድ እስከ በሩ ደፍ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ እዚያ ቆምኩ፤ አንድ እግሬ ቤት፣ አንድ እግሬ በረንዳ።

«ንገሪኝ» ትላለች ነርሷ። «ምን ታያለሽ?»

«ጉሮሮዋ ይገባል።»

«አረጋጓት። ዝፈኑላት።»

ለካምላቤን ነገርኳቸው። በራሳቸው ቋንቋ፣ ቀስ ብለው፣ ልጅቷን እያወዛወዙ ማዜም ጀመሩ። ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም። የትርሲት ትንፋሽ በቀዝቃዛው አየር ላይ እንፋሎት ሆኖ ይታየኛል፤ አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለ። ዓይኔን ከእሱ አላነሳሁም። ካምላቤን ያዩትን ይነግሩኛል፣ እኔ ለነርሷ፤ ነርሷ ትነግረኛለች፣ እኔ ለካምላቤን። በመሀል ቃል አልጠፋኝም። ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እንግሊዝኛ እያወራሁ እንደሆነ ትዝ አላለኝም።

እንፋሎቱ ረዘም ሲል መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ጩኸቱ ሲለሰልስ ደግሞ የሰሙት ካምላቤን ናቸው፤ ዜማቸውን አቋርጠው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

ትርሲት አንገቷን ከሻሉ አውጥታ ግቢውን አየች። ዛፉ፣ መኪናው፣ የቆሻሻ ገንዳው ሁሉ በበረዶ ተሸፍኗል።

«ነጭ» አለች፤ በዚያ በጎረነነ ድምፅዋ።

«ምን አለች?» አለች ነርሷ በስልኩ።

«ነጭ አለች!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ነርሷ አማርኛ አታውቅም፤ ግን ሳቀች። እኔ አለቀስኩ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የመጡት ጎማው ላይ ሰንሰለት በታሰረ መኪና ነው። የግቢውን ዳገት መኪናው አልወጣው ሲል ሁለት ግዙፍ ሰዎች ኦክስጅን ተሸክመው፣ አጥር እየያዙ፣ እየተንሸራተቱ ወጡ። አንደኛው በረንዳ ላይ ጋቢ የለበሱ አሮጊት፣ በሻል የተጠቀለለች ልጅና ስልክ የያዘች ሴት ሲያይ «ማነው ወደ ውጪ አውጧት ያላችሁ?» አለ።

«ነርሷ» አልኩት። «እኛ ደግሞ ሰማናት።»

ካምላቤን ቀሩ፤ እኔ ከልጄ ጋር ሄድኩ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ትርሲትን እንደ አጎበር ባለ ላስቲክ ውስጥ አስገቧት፤ በውስጡ ቀዝቃዛ ጉም ይነፋል። ወጣቱ ሐኪም ክሩፕ እንደሚባል አስረዳኝ። ጉንፋኑ ወርዶ የድምፅ ሳጥኗን አካባቢ አሳብጦታል፤ የሕፃን የአየር መንገድ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ እብጠት ይበቃዋል። ቀዝቃዛው አየር እብጠቱን ቀንሶላታል፤ ግን መመለስ ስለሚችል ማደር አለባት።

«ቤት ውስጥ ምን ሰጠሻት?» አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት፤ ሾርባውን፣ እርዱን፣ ማሩን፣ ዘይቱን፣ አዝሙዱን። «ዛሬስ?» ሲለኝ «ዛሬ ምንም። ጎረቤቴ ከለከሉኝ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ» አልኩት። ጥሩ አድርገዋል አለ። ዓመት ላለፋት ልጅ ለተራ ጉንፋን ማሩም ሾርባውም እንደማይጎዱ፣ ትንፋሽዋ ሲጮህና ደረቷ ሲሰረጉድ ግን ዛሬ እንዳደረግነው ወዲያው ደውለን እንድንመጣ ነገረኝ። ያለ አስተርጓሚ እንዳወራሁት ያስተዋልኩት ከወጣ በኋላ ነው።

ከሐኪም ቤቱ ሆቴሉ ደውለውለት ጌታሁን አመሻሽ ላይ ደረሰ። ከሆቴሉ በእግሩ ነው የመጣው። እንዳያንሸራትተው ጫማው ላይ የሆቴል ፎጣ ጠምጥሟል፤ ፂሙ ላይ በረዶ አለ። ልጁን ላስቲኩ ውስጥ ተኝታ ሲያያት ግድግዳውን ተደግፎ ተነፈሰ።

«ናይን ዋን ዋን ማን ደወለ?» አለኝ።

«እኔ።»

«ካምላቤን?»

«እኔ ነኝ አልኩህ!»

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ያንን ፎጣ የጠመጠመ እግሩን እየጎተተ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። በነጋታው ሺፍት ላይ ያልነገረው ሰው አልነበረም። «የኔ ሚስት ናት በስልክ ያዋለደችው» ይል ነበር፤ ምን ማለቱ እንደሆነ እሱም አያውቀውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ካምላቤን በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ትርሲትን ከማቀፋቸው በፊት ያው ልብሷን ገለጡና ትንፋሽዋን አዩ። ከዚያ የጠየቁኝ «ብርዱ ለምን ረዳት?» የሚል ነበር። ሐኪሙ እንዳለኝ፣ እብጠት በቅዝቃዜ እንደሚቀንስ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ቁርጭምጭሚት ሲያብጥ በረዶ አደርጋለሁ። ጉሮሮም ያብጣል ብዬ አላሰብኩም» አሉ። በዚያ ዕድሜያቸው አዲስ ነገር በመማራቸው ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

የእኔ ሕይወት ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሌላ መንገድ ያዘ። ነርሷ «በደንብ ነው የነገርሽኝ» ያለችው ከጆሮዬ አልወጣም። ለማታው የእንግሊዝኛ ክፍል ተመዘገብኩ። እሱን ስጨርስ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ለመሆን ኮሌጅ ገባሁ። ትርሲትን ቀን ቀን የሚይዙልኝ ካምላቤን ነበሩ። ፈተና ሲደርስብኝ ማሾ ሾርባውን ለእኔ ያፈሉልኝ ነበር። ዛሬ ሊልበርን ውስጥ የራሳችን ቤት አለን፤ እኔም የሥራ ዘመኔን በሙሉ ያሳለፍኩት ትንፋሽ ካጠራቸው ሕፃናት ጋር ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ ቤተ ክርስቲያን ስታገኙኝ «እርድ ወይስ የፈረንጅ መድኃኒት?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ከሁለት አንዱን እንድመርጥ የሚያስገድደኝ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ልጃችሁ ጉንፋን ይዞት እየተጫወተ፣ እየጠጣ፣ በሰላም እየተነፈሰ ከሆነ ሾርባውን አፍሉለት፤ ዘይቱን ቀቡት፤ ዓመት ካለፈው ማሩን አቅምሱት። ነገር ግን መጀመሪያ ልብሱን ገልጣችሁ እዩት። ደረቱ የሚሰረጉድ ከሆነ ማንኪያውን አስቀምጡና ስልኩን አንሱ። እንግሊዝኛችን አይበቃም ብላችሁ አትፍሩ።

የተመረቅሁት የሰማንያዎቹ ዓመታት ሊያልቁ ሲሉ ነው። ቤታችን ድግስ አደረግን። በዚያ ሰሞን ከጉጃራት የካምላቤን ወንድሞች ሊጠይቋቸው መጥተው ስለነበር እነሱንም ጠራናቸው። ከወንድሞቻቸው አንዱ የአባታቸውን ሙያ ወርሰው እዚያው ከተማቸው ውስጥ ያክማሉ። ካምላቤን ትርሲትን በአንድ እጃቸው፣ እኔን በሌላው ይዘው እኚህ ወንድማቸው ፊት አቆሙንና በቋንቋቸው ረጅም ነገር ተናገሩ። ሽማግሌው አዳምጠው ሲጨርሱ ከወንበራቸው ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ጎንበስ አሉልኝ።

የካምላቤንን ልጅ «ምን ብለዋቸው ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አባታችን አትላንታ ውስጥ አንዲት ተማሪ አለችው፣ እቺ ናት አለች» አለኝ።

እኔም ቀና ብዬ ቆምኩ፤ ሰላምታቸውንም እንደ ባለሙያ ለባለሙያ መለስኩላቸው።